ሞልቶ የተመለሰው አገልግል

«የልጄን አሳሪዎች ሸሚዝ ሲያሽ በሚውል እጅ የተጋገረ እህል እኔ አልቀምስም። ዛሬማ ጭራሽ…» አሉና እትየ የብርጓል የቀረውን ዋጥ አደረጉት። ይህን ለጎረቤታቸው ለሽታዬ የነገሩት በማለዳ፣ ከጓሮው አጥር ጥግ ቆመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ዝቅ ማድረጋቸው ለወጉ ያህል ነው እንጂ ከጭቃው ግድግዳ በዚህ በኩል ምራታቸው እቴናት መኖሯን ረስተውት አይደለም። እቴናት ምጣዱ ላይ ጎንበስ ብላ የቂጣውን ጠርዝ በጣቷ እያነሳች መብሰሉን ታይ ነበር። ቃል በቃል ሰማች። ሰምታም ቂጣውን ገለበጠችው። ምን ታድርግ? ወጥታ እንዳትሟገት አማቷ ናቸው፤ አልሰማሁም እንዳትል ጆሮ አላት። ደግሞም የምትቆጣበት ጊዜ አልነበራትም፤ ፀሐይ ሳትወጣ እስር ቤቱ በር፣ ፀሐይ እንደወጣች ወንዝ መድረስ አለባት። እትየ የብርጓል በደጁ በኩል ሲያልፉ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠቅለል አደረጉና ሳይሰናበቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን አቀኑ። እቴናት የነጠላውን ነገር አይታዋለች፤ የተለመደው ኩርፊያ ነው ብላ አለፈችው።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ምድጃው ግን ከፋሲካ ሰሞን ወዲህ ሁለት ሆኗል። እትየ የብርጓል በወዲያኛው ጥግ፣ ከመደባቸው ግርጌ፣ ሦስት ጉልቻ ጎልተው የራሳቸውን ድስት ይጥዳሉ፤ እቴናት በበሩ በኩል የራሷን። የአንዷ ጭስ የሌላዋን ዓይን ያስለቅሳል፤ ስለ ጭሱ ግን የሚናገር የለም። አሮጊቷ ምን እንደሚበሉና መቼ እንደሚበሉ እቴናት አታውቅም። ሰው ሲበላ ዓይን ማሳረፍ ነውር ነው፤ ያኮረፈ ሰው ሲሆን ደግሞ ነውሩ እጥፍ ነው። ስለዚህ እትየ የብርጓል ጀርባቸውን ሰጥተው ሲጎርሱ እሷም ጀርባዋን ትሰጣለች። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ውለው ያድራሉ፤ የምትሰማው ከእነሱ ይልቅ ዶሮዋ ነች።

የነገሩ መነሻ ዋኘው ነው። ዋኘው የአንደኛዋ ባል፣ የሌላዋ ልጅ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሲበዛ ዝምተኛ ሰው ነው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎት፣ ጎጃም ከዳር እስከ ዳር ሲነሳ፣ ታናሽ ወንድሙ አበረ ጠመንጃውን አንግቶ ጫካ ገባ። በፋሲካ ማግስት ወታደሮች አበረን ፍለጋ መጡ። አበረ ሲታጣ ከስፌቱ ላይ ቀና እንኳ ያላለውን ዋኘውን ይዘው ሄዱ። «ወንድምህ እጁን ሲሰጥ ትፈታለህ» ተባለ፤ ሌላ ክስ የለበትም። እስረኛን የሚቀልበው ደግሞ አሳሪው ሳይሆን ቤተሰቡ ነው። ጎተራው ሲመነምን እቴናት ወንዝ ወርዳ የጦሩን መኮንኖች ልብስ ማጠብ ጀመረች። እትየ የብርጓል ጉልቻቸውን የጎለቱት በዚያን ቀን ማታ ነው። አልተቆጡም፤ አልጠየቁም፤ ሦስት ድንጋይ አንድ በአንድ ተሸክመው ገቡና ጎለቱ። ያን ዕለት እቴናት «እትየ፣ ልጅዎን ታዲያ በምን ላብላው?» ማለት ነበረባት። አላለችም፤ አኩርፋ ተኛች። ከዚያ ወዲያማ ዝም መባባሉ ለመደባቸው።

ቂጣ የቸኮለች ሴት እህል ነው። እንጀራ እስኪቦካ ቀናት ይፈልጋል፤ ድፎ ዳቦ ኮባና ከላይ ከታች እሳት ይፈልጋል፤ ቂጣ ግን ዱቄት፣ ውኃና ጨው ካገኘ ሌላ ጣጣ የለውም። እቴናት የስንዴውን ዱቄት ለብ ባለ ውኃ ታሸዋለች፤ በቀዝቃዛ ከታሸ ይደርቃል። ምጣዱ ሲግል በመዳፏ እያረጠበች ታሰፋዋለች፤ ላዩ ነጠብጣብ ሲያወጣ ትገለብጠዋለች። ከዚያ እንዳይበርድ መሽቀዳደም ነው። ጣቷ እየተቃጠለ፣ እፍ እያለች፣ በትኩሱ ትቆራርሰዋለች፤ በትኩሱ ቅቤና በርበሬ ጣል ታደርግበታለች፤ በትኩሱ ታሸዋለች። ከበረደ በኋላ ቢቀቡት ቅቤው ላዩ ላይ ተኝቶ ይቀራል፤ በትኩሱ ከሆነ ግን ቂጣው ጠጥቶት እስከ ማግስት ይለሰልሳል። እስር ቤት የሚገባ ምግብ ደግሞ የሚበላበት ሰዓት አይታወቅምና ለስልሶ የሚቆይ መሆን አለበት።

ያን ዕለት ቅቤ ማግኘቷ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። የጣሊያኑን ወረቀት ገበሬው በእጁ አይነካውም፤ ጠገራ ብር ካላየ እህሉንም ቅቤውንም ተሸክሞ ይመለሳል። ሳሙና ሲያይ ግን ዓይኑ ይለሰልሳል። እቴናት ከምታጥብበት ሳሙና እየቆጠበች ያኖረችውን ቅዳሜ ገበያ ይዛ ወጥታ፣ ከአንዲት የሉማሜ ሴት ጋር ስትከራከር አርፍዳ፣ በአንዲት ትንሽ ቅል ለጋ ቅቤ ለወጠችው። ማክሰኞ ማታ በኮረሪማና በአብሽ አነጠረችው። ዋኘው ስንት ቀን በደረቅ ቂጣና በበሶ ከረመ፤ ሰኔ ገብቷል፤ የእስር ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል ይባላል፤ አንድ ቀን እንኳ ሆዱ ይሙቅ ብላ ነው። ፍትፍቱን በጣባ አድርጋ፣ ጣባውን አገልግሉ ውስጥ አስቀምጣ፣ ክዳኑን በጠፍር ጠፈረችው። እሷ አልቀመሰችም። እሷ የምትቀምሰው ሁልጊዜ በኋላ ነው።

ይህን እንኳ ማንም አያውቅባትም። ዋኘው ካገባት ጀምሮ አንድ ልማድ አለው፤ ከሚበላው ሁሉ የመጨረሻዋን ጉርሻ አይበላም። በጣቶቹ ጠቅልሎ ከገበታው ጠርዝ ያኖራትና «ይቺ ለእጅሽ» ይላታል። ሌላ ሙገሳ አያውቅም፤ ወጡ ጣፈጠ፣ ቂጣው ሰመረ ብሎ አያውቅም፤ ይቺ ለእጅሽ፣ በቃ። ከታሰረም ወዲህ አገልግሉ በየቀኑ ቀትር ላይ ሲመለስ ጣባው ጠርዝ ላይ አንዲት ጉርሻ ጠቅለል ብላ ትቀመጣለች። እቴናት ከእስር ቤቱ በላይ ካለችው ወይራ ሥር ቁጭ ብላ ትጎርሳታለች። በዚያች ጉርሻ ነው በሕይወት መኖሩን የምታውቀው። አገልግል ባዶውን ቢመለስ ሌላ እስረኛም፣ ዘበኛም በልቶት ይሆናል፤ ያቺን ጉርሻ ግን ከዋኘው በቀር የሚያስቀምጥ የለም። ለእትየ የብርጓል አልነገረቻቸውም። ሲያኮርፏት ይቺን ብቻ ለራሷ አስቀረች።

መንገዱ ላይ ሰው በዝቷል። አህያ የጫኑ፣ ጨውና በርበሬ ያዘሉ ነጋዴዎች ወደ ሮብ ገበያ መውጫ ይጎርፋሉ። እቴናት እያየቻቸው ቅቤ እዚያ ይረክስ ይሆን ብላ አሰበች፤ ሌላ ነገር አላሰበችም። ለእሷ ቀን ቀን መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ ጦሩ እሑድንም ያሠራታል፤ ቅዳሴ ከሰማች፣ ነጠላዋን አጥባ ከለበሰች ከራርሟል። እስር ቤቱ በር ስትደርስ የለመደችው ዘበኛ የለም። ያ ሐማሴን ዘበኛ ቢያንስ ቋንቋ ያውቃል፤ ሲቀበላት «ደኅና ነው» ይላታል፤ አንዳንዴም እንዲያው በዓይኑ። ዛሬ የቆመው ከባሕር ማዶ መጣ የተባለ፣ ቀይ ቆብ ያጠለቀ ወጣት ወታደር ነው፤ ከአማርኛ አንዲት ቃል አያውቅም። «ለዋኘው» አለችው። ስሙን እንደ ምንም ደገመላትና አገልግሉን ተቀብሎ ገባ። እሷም ወደ ወንዝ ሮጠች።

ቀትር ላይ እጇ በሳሙና ተኮማትሮ ስትመለስ ቀይ ቆቡ ወታደር አገልግሉን ይዞ ወጣ። ስትቀበለው ክንዷ ዝቅ አለ። ከበዳት። እዚያው ቆማ ጠፍሩን ፈታችና ክዳኑን ገለጠች። ፍትፍቱ ጠዋት እንዳስቀመጠችው ነው። አልተነካም። ቅቤው ረግቶ ላዩ ወዝ አውጥቷል፤ ጠርዙ ላይ ምንም የለም። ቀና ብላ ወታደሩን አየችው። አፏን ከፍታ «ዋኘውስ?» አለች። ወታደሩ ተቸገረ። መዳፉን ወደ ውጭ ገፋ፣ ገፋና ደግሞ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘው፤ ራሱንም ነቀነቀ። ከዚያ በሩን ዘጋው።

በዚያ በር ለሚመላለሱ ሴቶች ሞልቶ የሚመለስ አገልግል ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ባለፈው ሳምንት ከአማኑኤል ከተማ የመጣች የአንዲት ሴት አገልግል እንዲሁ እንደ ሄደ ተመልሶ ነበር፤ ባሏ ሌሊት መሰቀሉን የሰማችው ኋላ ነው። ያን ጊዜ ሴትየዋ ስትጮህ የደገፈቻት እቴናት ነበረች። አሁን እሷን የሚደግፍ የለም። አልጮኸችም። ወይራዋ ሥር እንኳ አልቆመችም። አገልግሉን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ የታጠበውን ልብስ ወንዝ ላይ እንደተሰጣ ትታ፣ ቤቷ ገባች።

ቤት ገብታ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ማልቀስ ፈራች። ካለቀሰች ሽታዬ ትሰማለች፤ ሽታዬ ከሰማች ሰፈሩ ይሰማል፤ ሰፈሩ ከሰማ እትየ የብርጓል ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የልጃቸውን ሞት ከመንገድ ላይ ይሰማሉ። መርዶ ወግ አለው። ለእናት በጠራራ ፀሐይ፣ በምራት አንደበት፣ ያውም በማታናግራት ምራት አይረዳም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ የነፍስ አባት ይዞ፣ ማለዳ እህል ሳይቀመስ ነው የሚነገር። ስለዚህ እስከ ነገ ማለዳ መቻል አለባት። ወደ ማታ ሄዳ ለዘመድ ትናገራለች፤ እስከዚያ ግን አሮጊቷ ፊት እንደ ወትሮው ሆና መታየት አለባት። እግዜር ይመስገን፣ ከወትሮውም አይነጋገሩም። ዝምታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀማት። አገልግሉን ከመደቡ ሥር ገፍታ ደበቀችና የአንድ መኮንን ካልሲ መጣፍ ጀመረች። መርፌውን የሰጣት ዋኘው ነው። አንድ ስፌት ሰፋች፤ ሌላ መስፋት አቃታት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቅዳሴ አልቆ እትየ የብርጓል ገቡ። ዝናብ መትቷቸዋል። እንደ ልማዳቸው ወደ ጥጋቸው አለፉ። እሳታቸውን ቆስቁሰው፣ ከመደባቸው ራስጌ ካስቀመጧት ቅል ትንሽ ተልባ አውጥተው፣ ሊቆሉ ምጣዷን ጣዱ። ከዚያ እጃቸው ቆመ። አፍንጫቸውን አነሱ። ወዲያና ወዲህ አሸተቱ። በሳምንታት ውስጥ ያልተሰማ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

«አንቺ! ሰባት ጾም ቢሽሩ ለራሳቸው ነው ብዬ ጠዋት ዝም አልኩሽ። አሁንም ከቅዳሴ ስመለስ ይኸው ቅቤ! ጾሙን ለነዚያ ለነጮቹ ከሸጥሽው ሽጪው፣ የኔን አፍንጫ ግን ተይልኝ!»

እቴናት ቀና አለች። ሌላ ቀን ቢሆን ስድቡን ትሰማ ነበር። ዛሬ ግን ከዚያ ሁሉ ቃል ውስጥ አንዱ ብቻ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ።

«የምን ጾም ነው፣ እትየ?»

«የምን ጾም ትላለች ደግሞ! ረቡዕ ነዋ!»

«ሃምሳው አይደለም እንዴ? የፋሲካ ሃምሳ… ረቡዕም ዓርብም ይበላ የለም እንዴ?»

«ሃምሳውማ እሑድ ወጣ! ጰራቅሊጦስ እሑድ አልነበረም? ከሰኞ ጀምሮ እኔ የካህንና የባልቴቱን የሰኔ ጾም ይዤ ተልባ በውኃ ስበጠብጥ የት ነበርሽ?» አሉና አሮጊቷ ዓይናቸውን ወደ ምጣዷ መለሱ፤ የት እንደነበረች ያውቃሉ፤ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር።

እቴናት ተነሳች። ዋኘው ከፋሲካ በኋላ የታሰረ ሰው ነው። እስር ቤት ከገባ ጾም የዋለበት ቀን አልነበረም፤ ረቡዑም ዓርቡም ሃምሳ ውስጥ ነበር። ይህ የመጀመሪያው ነው። እሷ ቀኑን ረሳች እንጂ ዋኘው ቀን አይረሳም፤ ልብስ እየሰፋ እንኳ ዝክር የማን እንደሆነ የሚጠይቁት እሱን ነው። የወታደሩ መዳፍ ትዝ አላት፤ ወደ ውጭ ገፋ፣ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ዋኘው ያደረገውን ነበር ያሳያት፤ የሞተ ሰው እንዲያ አያደርግም። እንዲያ የሚያደርገው የቀረበለትን የሚመልስ ሰው ነው! ሳቋና ዕንባዋ አንድ ላይ መጣባት። ከመደቡ ሥር አገልግሉን ጎትታ አወጣች።

«እትየ፣ አልበላውም! ጾሞ ነው! ሞልቶ ተመለሰ… እኔ ደግሞ… እኔማ ሞተ ብዬ…»

እትየ የብርጓል አገልግሉን አዩ። ሞልቶ የተመለሰ አገልግል ምን ማለት እንደሆነ እሳቸውም ያውቃሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ከምድጃው አጠገብ ዘፍ አሉ። እቴናት ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች። ክንዳቸው እንዲህ ቀጭን መሆኑን አታውቅም ነበር። አሮጊቷ ክዳኑን ከፈቱ፤ ፍትፍቱን አዩ፤ አሸተቱት።

«ጠዋት ያቀለጥሽው ለሱ ነበር?»

«ለማን ሊሆን ኖሯል፣ እትየ?»

«አንቺ ልትበይው መስሎኝ። ሸቶኝ ነበርኮ። እነሱ ዘንድ ስትውይ ጾሙን ተውሽው ብዬ… ለሽታዬ ልነግራት ብዬ እንኳ አፍሬ ተውኩት።» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። «አንዲት ቃል ብተነፍስ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

እውነት ነው፤ እቴናትም አንዲት ቃል ብትተነፍስ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። አሮጊቷ ግን አልጨረሱም። ዓይናቸውን እየጠረጉ ማውራት ያዙ። ዋኘው ልጅ ሳለ፣ ገና ጾም ሳይደርስበት፣ በአንድ ዓርብ ወባ ጥሎት ሊሞት ሲያጣጥር ወተት ቢሰጡት ጥርሱን ገጥሞ አልከፍትም አለ። አባቱ በማንኪያ ጥርሱን ሊፈለቅቅ ሲል እጁን ነከሰው። ቄሱ መጥተው «ልጄ፣ ለታመመ ይፈቀዳል» ቢሉት «እርስዎስ ታመው ጠጥተዋል?» አላቸው። ቄሱ መስቀላቸውን አሳልመውት ሄዱ። «ይሄ ግትር!» አሉ እትየ የብርጓል፤ ሳቁ። «ያ ጣሊያን ቢገርፈው ይበላዋል? ዓይኑ እያየ በረሃብ ይሞታል እንጂ!» የመጨረሻዋን ቃል ሲናገሩ ሳቃቸው ተቋረጠ። ሁለቱም አንድ ነገር አሰቡ። ጾሞ ባይሆንስ? ደግሞም ጾሞ ከሆነ፣ ይኸው ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ እህል ሳይቀምስ ተቀምጧል።

«ተነሺ» አሉ አሮጊቷ። «ባንዲራው ሳይወርድ ያቀብላሉ አይደል? ዱቄት አለሽ?»

«አለኝ።»

«ተልባ እኔ ዘንድ አለ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ፈጣን ነው። ጥሩነቱ ቂጣ አያስጠብቅም። እትየ የብርጓል ተልባውን በእቴናት ምድጃ ላይ ቆሉት፤ የሳቸው እሳት ገና ጭስ ብቻ ነበርና። ተልባው መፈንጠር ሲጀምር አውርደው ሙቀጫ ውስጥ ጨመሩት፤ ወቀጡት። ነፉት። በውኃ በጥብጠው፣ ጨው ቆንጥረው ጣል አደረጉበትና አወፈሩት። እቴናት ሊጡን አሸች። ስትቸኩል ውኃ አበዛች፤ «አቀጠንሽው» አሉ አሮጊቷና ዱቄት ነሰነሱላት። አጠገቧ ቁጭ ብለው የቂጣውን ጠርዝ አብረዋት እያዩ «አሁን ገልብጪው፤ ቆይ፤ አሁን» ይላሉ። ትኩሱን ቆራረሱት፤ አንዷ እፍ ስትል አንዷ ስትቆርስ፣ በሁለት ሴት እጅ ቂጣው ሳይበርድ አለቀ። ተልባውን አፈሰሱበት። ቂጣው ጠጣው። የቅቤውን ፍትፍት በሌላ ጣባ ገልብጠው አኖሩት፤ ቅቤ የሚጣልበት ዘመን አይደለም።

በዝናቡ ውስጥ ወጡ። እትየ የብርጓል ልጃቸው ከታሰረ ወዲህ እስር ቤቱ በር ሄደው አያውቁም ነበር፤ ከዚያ በር ፊት ቆሞ መለመንን ሞት አድርገው ይቆጥሩታል። ዛሬ ግን በትራቸውን ይዘው ከእቴናት ፊት ፊት ይሄዳሉ። ጭቃው ያንሸራትታል። በሩ ላይ ሲደርሱ ቀይ ቆቡ ወታደር ሊገባ ሲል አገኙት። እቴናት አገልግሉን ዘረጋችለት። ወታደሩ አያትና ራሱን ነቀነቀ፤ ቀትር ላይ የተመለሰው እንደገና መጣ ብሎ መሆን አለበት። ያን ጊዜ አሮጊቷ ክዳኑን ገለጡና ጣባውን አፍንጫው ሥር አስጠጉለት። ምን እንዳሉት የገባው አይመስልም፤ ግን ብዙ አሉት፤ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ፤ አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ፤ ደግሞ ከፈቱ። ወታደሩ ፈገግ አለ። አገልግሉን ተቀብሎ ገባ።

ጠበቁ። ሌሎቹ ሴቶች አንድ በአንድ ሄዱ። ሁለቱ ወይራዋ ሥር ተጠጉ። እትየ የብርጓል በትራቸው ላይ ተደግፈው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ድምፅ የለም። እቴናት ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም። ዝናቡ አባራ። ከግቢው ውስጥ መለከት ተነፋ፤ ባንዲራው ሊወርድ ነው። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ቀይ ቆቡ ወጣ። አገልግሉን በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎታል፤ ይወዛወዛል።

ባዶ ዕቃ ነው እንዲያ የሚወዛወዘው። እትየ የብርጓል ገና ከሩቅ አይተው ጭቃው ላይ ተንበረከኩና መሬቱን ሳሙ። ወታደሩ አገልግሉን ለእቴናት ሰጥቶ ሆዱን በእጁ መታ መታ አደረገ፤ ይህን ግን ቋንቋ ሳያስፈልግ ሁለቱም ገባቸው። እቴናት ወስዳ መክፈት አልቻለችም። ባዶ መሆኑ አልበቃትም፤ ሌላም ሰው ይበላዋል። ጣቷ ከጠፍሩ ላይ ቀዘቀዘ። አሮጊቷ ነጠቋትና ፈቱት። ጣባው ተጠርጓል። ጠርዙ ላይ አንዲት ጉርሻ፣ ጠቅለል ተደርጋ ተቀምጣለች።

«ይቺን ደግሞ ምነው ተዋት? ጠገበ?» አሉ እትየ የብርጓል።

እቴናት አለቀሰች። ቀኑን ሙሉ ያልጮኸችውን አሁን ጮኸችው፤ ደስታ እንደሆነ እያወቀች እንኳ መቆም አቃታት። እያለቀሰች ነገረቻቸው። ከሠርጋቸው ጀምሮ፣ ከገበታው ጠርዝ፣ ይቺ ለእጅሽ እያለ፤ ከታሰረም ወዲህ በየቀኑ፣ እዚችው ወይራ ሥር። ለራሷ ብቻ አድርጋ የያዘችውን ሁሉ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ጉርሻዋን በጣታቸው አንስተው ትንሽ አዩዋት።

«እንኪ» አሉ። «የልጄ ነው። አፍሽን ክፈቺ።»

እቴናት ግማሿን ገመጠች። ግማሿን ከእጃቸው ወስዳ፣ ሳሙና ባኮማተረው በራሷ እጅ ይዛ፣ ወደ አፋቸው አስጠጋችው። እትየ የብርጓል እጇን አዩት። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ። አኘኩ፤ ቀስ ብለው ዋጡ።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።

ጨዉን የጨመሩት እሳቸው ነበሩ። እቴናት አላስታወሰቻቸውም። አገልግሉን በአንድ እጇ አንጠለጠለች፤ በሌላው ክንዳቸውን ያዘች።

«ነገ ሐሙስ ነው፣ እትየ» አለቻቸው። «ነገ በቅቤ ነው።»